ከሦስተኛው «በሞቴ» በፊት የሚጮኽ ስልክ

ሰው ሲወድቅ አንስቼ መሸከም እንጀራዬ ነው። እኔ ራሴ የወደቅሁ ዕለት ማን እንደሚያነሳኝ ግን እኔም ሆንኩ መሥሪያ ቤቱ አስበንበት አናውቅም ነበር።

የወደቅሁት እዚሁ አሶሳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እያየ ነው። ጓዳ ውስጥ ቢሆን ምን ነበረበት። አንድ ጎልማሳ ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ እሱ ከማንጎው ቀድሞ ወርዷል። እግሩ ተሰብሯል። በአምቡላንሳችን ደረስን፣ ቃሬዛው ላይ አስተኛነው፣ እኔ በግርጌ በኩል እጀታውን ያዝኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተባለ። ሰውዬው ብድግ ሲል እኔ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የማውቀው ከሰው አፍ ነው።

እንደሚሉት ከሆነ፣ እግሩ የተሰበረው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና «እኔስ መቀመጥ እችላለሁ፣ ልጅቷን አስተኟት» አለ። እሱ የተሰበረ እግሩን ዘርግቶ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ በራሴ ቃሬዛ፣ ጠዋት በገዛ እጄ ባጠብኩት አንሶላ ላይ ተጋድሜ ተወሰድኩ። ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበሉን ባለሙያዎች «የእግር ስብራት» ተብሎ ተነግሯቸው ነበርና ቃሬዛው ላይ ያገኙትን እግር ያዙ። ስነቃ ሁለት ሰዎች እግሬን ግራና ቀኝ እያገላበጡ ስብራት ይፈልጋሉ። «የተሰበረው የእኔ እግር አይደለም» ለማለት አፈርኩ። ራጅ ሊያነሱት ሲሉ ነው ሰውዬው በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ ያስጣለኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እዚህ የአምቡላንስ ጣቢያ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ወላድ ባሏ በባጃጅ እኛ ድረስ አምጥቷት፣ ወደ ሆስፒታል ልንወስዳት ስንል «ሴት የሌለችበት መኪና ውስጥ አልገባም» ብላ መሬት ተቀመጠች። ዘወር ዘወር ተባለና «ያቺ ልጅ ትግባ» ተባለ። ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ፤ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ገባሁ። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ እጄን ጨምቃ ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ረዳት ተብዬ ቃሬዛ እይዛለሁ፣ መኪናውን አጥባለሁ፣ ለወላዶች እጄን አውሳለሁ። ይኼን ሥራ እወደዋለሁ። ዓይነ አፋር ሰው ብዙ ቦታ አይፈለግም። ምጥ የያዛት ሴት ግን ጨዋታ አዋቂ አትፈልግም፤ የምትጨምቀው እጅ ነው የምትፈልገው። እጅ ደግሞ አለኝ።

እንግዲህ በወደቅሁበት ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጣቢያችን ነርስ ሲስተር ሙሉ ጠራችኝ። ጎጃሜ ናት፤ ስትቆጣም ስትስቅም ድምፅዋ አንድ ነው። ጣቴን ወግታ ጠብታ ደም ወሰደችና በትንሿ መሣሪያ ለካች። መሣሪያዋን አየች። እኔን አየች። ጠብታዋን ደግሞ ወደ ብርሃን አዙራ አየች።

«ይኼ ደም ነው ወይስ ውኃ የበዛበት ከርከዴ?»

የተወጋውን ጣቴን በጥጥ ያዝኩ።

«ምን ትበያለሽ አንቺ ልጅ?»

«ምግብ።»

«የምን ምግብ? መቼ?»

እውነቱን ብነግራት ይሻል ነበር። የአምቡላንስ ሰው ቁርሱ ዳቦ በሻይ ነው፤ ምሳው ብስኩት ነው፤ እራቱ ከምሳ የተረፈው ብስኩት ነው። እኔ ደግሞ ከዚህም ላይ ግማሹን ነው የማገኘው፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

«አንድ ወር እሰጥሻለሁ» አለች ሲስተር። «ይኼን ኪኒን ትውጫለሽ፣ ምግብሽን በሰዓቱ ትበያለሽ። ከወር በኋላ እለካሻለሁ። ካልጨመረ፣ ወይም ዳግም ከወደቅሽ፣ ለአንቺም ለበሽተኛውም ስል ወደ መጥረጊያሽ ትመለሻለሽ። ቃሬዛ የያዘ ሰው ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም።»

ልክ ናት። ምን እላለሁ። የምበላውን በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ጎመን፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ። ከታች አስምራበት «ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ምግቡ የሚሰጥሽን ሻዩ ይቀማሻል» ብላ ጨመረች። ከሁሉም በላይ ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ሌላው ሁሉ ገብቶኛል። «በሰዓቱ» የሚለው ነው ያልገባኝ። እኛ ሃያ አራት ሰዓት ገብተን ነው የምንወጣው፤ በዚያ ውስጥ ያለው ሰዓት የእኛ አይደለም፤ የሰው ምጥ ነው፣ የሰው ትኩሳት ነው፣ ከማንጎ ዛፍ የሚወርደው ሰው ነው።

በሚቀጥለው ተራዬ ቀን እናቴ ምሳ ዕቃዬን ሞላችልኝ። ጎመን በእንጀራ፣ ከላዩ ምስር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከጣቢያው ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ክዳኑን ከፈትኩ። ስልኩ ጮኸ። ክዳኑን ዘጋሁና ወደ ጥሪው ሮጥኩ። ተመልሰን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈትኩ። ስልኩ ጮኸ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግማሽ ድረስ ብቻ፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ለአፍታ ዝም አለ። ልቤ ወደ ቦታው ሲመለስ ጮኸ።

ሾፌራችን ጋሽ ሀሩን ይኼን ሁሉ መሪያቸው ላይ ተደግፈው ሲታዘቡ ኖረዋል። ጋሽ ሀሩን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛን የሚነዱት እንደ መኪናው ነው፤ ጉድጓድ አይመርጡም፣ ወንድና ሴትም አይለዩም። ለእሳቸው ሁላችንም «አንተ» ነን።

በሦስተኛው ተራችን ቀን ከሰዓቱ ጭር ብሎ ሳለ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ። ያ ዕቃህን አምጣ።»

አመጣሁ።

«ክፈት።»

«ጋሽ ሀሩን፣ አሁን የምሳ ሰዓት—»

«ክፈት አልኩህ። እኔ አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ።»

ከፈትኩ። የሚቀጥለውን ስናገር ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሀሩን ሞተሩን እያስነሱ «ኸላስ፣ አሁን ታወቀ» አሉ። «ስልኩን የሚደውለው ይኼ ክዳን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ዕቃዬ በጎማ ላስቲክ ሁለት ዙር ታስሮ የፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ተሰቀለ። ሲስተር ሙሉ እንደዚህ ዓይነት ነገር አታምንም። የተማረች ናት። «ምን የማይረባ ወሬ ነው፣ አውርደሽ ብዪ» አለችኝ። ላወርደው እጄን ስዘረጋ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ «ብቻ ይኼን ሪፖርት እስክጨርስ ጠብቂኝ» አለች። ሪፖርት ደግሞ አያልቅም።

ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። የሦስቱን ጊዜ ምግብ ጎህ ሳይቀድ ቤቴ በልቼ ብመጣስ? ግመል እንደዚያ አይደል እንዴ የሚያደርገው። እናቴ ደስ አላት፤ ቆማ አጎረሰችኝ። ሆዴን ይዤ ስገባ አንድ በሽተኛ ወደ ቶንጎ እንድናደርስ ታዘዝን፤ ታክመው የተሻላቸው ሽማግሌ ናቸው። እስከ ባምባሲ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ ወንፊት ላይ ያለ ጤፍ ሆኖ ያስበው። ሽማግሌው ፌስታል ይዘውልኝ፣ በሌላው እጃቸው ግንባሬን ደግፈው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አውጪው» እያሉ ቶንጎ ገባን። ሊቀበሏቸው የወጡት ዘመዶች እኔን ደግፈው አወረዱ። ሽማግሌው በራሳቸው ወረዱ።

ከዚያ እንቁላሉ መጣ። እንቁላል ክዳን የለውም ብዬ አሰብኩ። ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። አንድ ቀን ሲስተር «አንድ ጊዜ ስልኩን ያዢልኝ» ብላ ወጣ አለች። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ሰው ሳያየኝ ልጨርሰው ብዬ እንዳለ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ስልኩ ያኔውኑ ጮኸ። አነሳሁት።

«ሃሎ፣ አምቡላንስ ነው?»

«እምም።»

«እጄን ወለም ብሎኝ ነበር። ሃሎ? ይሰማል?»

«እምም። እምም።»

«ማነው? ምን ሆነሻል እህቴ?»

ልውጠው ብል ትልቅ ነው፤ ልትፋው ብል ነውር ነው፤ በዚያ ላይ የሲስተር ወረቀት «እንቁላል» ይላል። የማወጣው ድምፅ ለራሴም ያስፈራኝ ጀመር። ስልኩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ በባጃጅ አራት ሰው ሆነው ግቢያችን ገቡ፤ አንዱ ወለም ያለውን እጁን በነጠላ አንጠልጥሏል፤ ሌሎቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። «የታነቀችው የታለች?» አሉ። ሲስተር ሙሉ ተመልሳ በሩ ላይ ስትደርስ አንዲት ሴት ጀርባዬን እየደቃች፣ ሌላዋ ውኃ ይዛ፣ ወለም ያለው ሰውዬ በደህና እጁ ያራግብልኛል። የእንቁላሉን ነገር ማንም አልነገራትም፤ እኔም አልተናገርኩም። በሽተኛው ግን አምቡላንስ ሳይላክለት ስለመጣ ሲስተር እጁን እዚያው አሸችለት።

አሁን ቅድም የተውኩትን ምክንያት ልንገራችሁ። እስካሁን ያወራሁት የክዳኑንና የመንገዱን ጥፋት ነው። ዋናው ጥፋት ግን አፌ ላይ ነው ያለው።

እናቴ ልጅ ሆና በሰፈራ ከወሎ የመጣች ሴት ናት። ያኔ ይዘውት የመጡት ንብረት አልነበረም፤ ይሉኝታን ግን ሳይጎድል ይዘው መጥተዋል። እኔን ያሳደገችኝም በእሱ ነው። «ሰው ቤት መጀመሪያ ብዪ ሲሉሽ፣ በልቻለሁ በዪ። ሁለተኛ ብዪ ሲሉሽ፣ ኧረ ጠግቤያለሁ በዪ። ሦስተኛ በሞቴ ካሉሽ ያኔ ጫፉን ቅመሺ። ከዚያ በፊት እጁን የሰደደ ሰው ሆዳም ይባላል።» ይህ ሕግ ለሠርግ ቤትና ለለቅሶ ቤት ጥሩ ነው፤ እዚያ ሰው ጊዜ አለው። ለአምቡላንስ ግን የወጣ ሕግ አይደለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ሁልጊዜ ስልክ ይጮኻል። ስንት ወላድ ከነልጇ ቤቷ አድርሰን፣ ስንት የጋለ ገንፎ መሀሉ ቅቤ ይዞ ፊቴ ቀርቦ፣ ሁለተኛው ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። በሩ ላይ ሆኜ ሦስተኛውን ከኋላዬ እሰማዋለሁ። «በሞቴ» ይላሉ። መኪናው ተነስቷል።

ጋሽ ሀሩን ደግሞ ይኼ የሦስት ዙር ነገር አይገባቸውም። ሳምቡሳ ሲመጣ «በላህ?» ይሉኛል። «በልቻለሁ» እላለሁ። «ጠይብ፣ ጥሩ» ብለው የእኔንም ይበሉታል። ክፋት የላቸውም። ሰው የተናገረውን ያምናሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኔ ሳምቡሳው ላይ እንደቀረ አይተው «ምን ታያለህ?» ብለውኛል። «ሽታው ጥሩ ነው» አልኩ። «አዎ፣ ጥሩ ነው» ብለው ጨረሱት። ወንዶች ፊት አፌን ከፍቼ ማኘክ በራሱ ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ እሰየው ብዬ ሆዴን አስሬ እቀመጣለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው ደሜ ከርከዴ የሆነው።

ወሩ ሊሞላ ሦስት ቀን ቀረው። ክረምቱ ገብቷል። ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ጥሪ ተከታተለብን፤ ቁርሴን ሳልቀምስ ረፋዱ አለፈ። ምሳ ዕቃው እንደታሰረ ጣቢያ ቀርቷል። ሁለተኛውን በሽተኛ አድርሰን ስንወጣ ጋሽ ሀሩን ብስኩት ዘርግተው «በላህ?» አሉኝ፤ አፌ የለመደውን ተናገረ። ከዚያ ሦስተኛው ጥሪ መጣ። ከመንጌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለ መንደር ነው፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው ተባለ። ሲስተር ሙሉ በሌላኛው መኪና ወጥታለች። እኛው ሁለታችን ሄድን።

መንደሩ ሳንደርስ ጅረቱ ሞልቶ አገኘነው። ጋሽ ሀሩን ወርደው በእንጨት ለኩት፣ ጫማቸውን አወለቁ።

«መኪና እዚህ ኸላስ። ከዚህ በእግር ነው።»

ቃሬዛውን ተሸክመን፣ ጅረቱን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግረን፣ ጭቃውን ሽቅብ ወጣን። ጭቃው ጫማዬን ከነጉልበቴ ነበር የሚስበው። ቤቱ ስንደርስ ወላዷ ሀጂራ ምንጣፍ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ እንደኔ ያለች ልጅ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። አማቷ ላቧን ይጠርጋሉ። ባሏና የባሏ ወንድም ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። ከጋሽ ሀሩን ጋር በበርትኛ ተነጋገሩና ነገሩ ተቆረጠ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከፊት፣ ጋሽ ሀሩንና እኔ ከኋላ ሆነን እስከ መኪናው ልንወርድ ነው። ሌላ ወንድ በመንደሩ የለም፤ ሁሉም እርሻ ወጥቷል።

ሀጂራን ቃሬዛው ላይ አስተኛናት። እጄን ያዘች። ጎንበስ ብዬ ልብሷን ሳስተካክል ዓይኔ ፊት የዝንብ መንጋ ተነሳ። ጆሮዬ እዝዝ አለ። ቀና ስል ጣሪያው ትንሽ ዞረ። ይኼን ነገር አውቀዋለሁ። ከማንጎው ዛፍ ሥር እንዲሁ ነበር የጀመረኝ።

ያንን ሁሉ ያሰብኩት ምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሆነ አላውቅም። ዝም ብዬ እጀታውን ብይዝ እዚያ ቁልቁለት ላይ እወድቃለሁ፤ ሀጂራም ከነሆዷ ጭቃው ላይ። ብናገር ደግሞ ለጋሽ ሀሩን የተናገርኩት ሲስተር ጆሮ ይደርሳል፤ ደርሶም መጥረጊያው ይጠብቀኛል። ሀጂራ እጄን አልለቀቀችም።

ይኼኔ አማቲቱ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ከጓዳ ወጡ። የማሽላ ገንፎ ነው፣ በባሚያ ወጥ፤ ከዳሩ ደግሞ የቀርቀሃ ቡቃያ ተቀቅሎ ተደርድሯል። መንገደኛ ነንና አቀረቡልኝ።

«ብላ» አሉኝ፤ የዚህ ቤት አማርኛም እንደ ጋሽ ሀሩን ነው፣ ወንድና ሴት አይለይም።

«በልቻለሁ» አልኩ።

እኔ አይደለሁም ያልኩት። አፌ ነው። ሃያ ዓመት ሲለው የኖረውን አለ። አሮጊቷም አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቁት፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሳህኑን ይዘው ወደ ጓዳ ዞሩ። ገንፎው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ አየሁት። እንፋሎቱ ከትከሻቸው በላይ ይታየኛል።

«አልበላሁም» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ድምፄ ከአንገቴ በላይ አልወጣም። ጋሽ ሀሩን እጀታውን ይዘው «ያላ፣ እንሂድ» ብለዋል።

«ርቦኛል» አልኩ። ይኼኛው ወጣ። ከምፈልገው በላይ ወጣ፤ ደጅ ያሉት ዶሮዎች እንኳ ዝም ያሉ መሰለኝ። «ከማለዳ ጀምሮ አልበላሁም። አሁን ካነሳኋት እጥላታለሁ።»

ጋሽ ሀሩን እጀታውን ለቀቁ።

«አንተ አይደለህ በልቻለሁ ያልከኝ?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ዛሬ ነው የዋሸህ?»

«ሁልጊዜ ነው ጋሽ ሀሩን።»

ትንሽ አሰቡ። ፊታቸው እየተለወጠ መጣ።

«ሳምቡሳውም?»

«ሳምቡሳውም።»

«ወላሂ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ ሁሉ ወር የሰው ምሳ ነው የበላሁ።»

ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ያኔ ቃሬዛው ላይ ያለችው ሀጂራ በክርኗ ቀና አለች። ምጡ ለትንሽ ጊዜ ለቋት ነበር።

«ይብላ» አለች። «እኔን የሚሸከመው እሱ ነው። ይብላ። እኔ እጠብቃለሁ።»

ይኼን እንዳለች ፊቷ ጭምድድ አለና እጄን አጥንቴ እስኪንቋቋ ጨመቀችው።

«ግን ቶሎ ይብላ» አለች በጥርሷ መሀል።

አሮጊቷ ሳህኑን መልሰው አመጡ፤ ስኳር የበዛበት ከርከዴም በብርጭቆ አስከተሉ። ቁጭ አልኩ። ሦስት ወንዶች ፊት ለፊቴ ቆመው ያዩኛል። ጣቴ ገንፎው ውስጥ ቆሞ ቀረ። መጉረስ አቃተኝ። እየራበኝ፣ ሴት ልጅ በምጥ ላይ ሆና እየጠበቀችኝ፣ መጉረስ አቃተኝ። ዓይነ አፋርነት እንዲህ ያለ በሽታ ነው፤ ኪኒን የለውም።

ጋሽ ሀሩን አዩኝ። ከዚያ ወንድማማቾቹን ትከሻቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው አዞሯቸው።

«ዙሩ። ልጁ ያፍራል።»

ራሳቸውም ዞሩ። ሦስት ጎልማሶች የጭቃ ግድግዳ ላይ አፍንጫቸውን ደግነው ቆሙ፤ አንዱ ሊወልድ ሁለት ቀን የጠበቀ አባት ነው። እኔ በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አትጠይቁኝ። በቀኜ እጎርሳለሁ፤ ግራ እጄን ሀጂራ ይዛዋለች። ምጧ ሲመጣ እሷ ትጨምቀኛለች፣ እኔ እውጣለሁ። ሲለቃት «እየበላ ነው?» ትላለች፤ አማቷ «እየበላ ነው» ይላሉ። ሳህኑ ሲጋመስ አሮጊቷ ሳይጠይቁኝ ጨመሩበት። ከርከዴውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። ግድግዳው ላይ ካሉት ባልየው «አለቀ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ሀሩን «አትዙር» አሉት።

ተነሳሁ። ጣሪያው ቦታው ላይ ነው። ዝንቦቹ ሄደዋል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ሀጂራ ብድግ አለች፤ እኔም አብሬያት ብድግ አልኩ። ቁልቁለቱን ወረድን። ጋሽ ሀሩን በየአሥር እርምጃው «አለህ?» ይሉኛል፤ «አለሁ» እላለሁ። ጅረቱን ስንሻገር ውኃው እስከ ጉልበቴ ነበር፤ ድንጋዩ አንድ ጊዜ አዳለጠኝ እንጂ እጀታውን አልለቀቅሁም። መኪናው ጋ ስንደርስ ጋሽ ሀሩን እኔን ነው መጀመሪያ ያዩት። ከዚያ መሪያቸውን ያዙ። ሆስፒታል አደረስናት፤ ምሽት ላይ ሴት ልጅ መውለዷን ባሏ ደውሎ ነገረን። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሦስቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ጣቢያው ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም፤ የጠረግሁትን እጠርጋለሁ፣ ያጠብኩትን መኪና አጥባለሁ። መጥረጊያውን በነካሁ ቁጥር ደግሞ እየተሰናዳሁለት ይመስለኝና እወረውረዋለሁ። ጋሽ ሀሩን ሁሉንም ለሲስተር እንደነገሯት ከዓይኗ አውቄዋለሁ።

ቀኑ ደረሰና ጠራችኝ። ጣቴን ወጋች። መሣሪያዋን ሁለት ጊዜ አየች። ጋሽ ሀሩን ሥራ እንዳለው ሰው በሩ ላይ ቁልፋቸውን ያሽከረክራሉ።

«ጨምሯል» አለች። «ብዙ አይደለም። ግን ጨምሯል። ምን በላሽ?»

አልዋሸሁም። ሰባት ጊዜ የተከፈተ ጎመን፣ ያልተበላ። ቶንጎ መንገድ ላይ የቀረ ቁርስ። አንድ እንቁላል፣ ከነምክንያቱ። አንድ ሳህን ተኩል ገንፎ ሰው ቤት።

«ከዚህ እንዴት ይጨምራል? ኪኒኑንስ?»

«እሱን አንድ ቀን አላቋረጥኩም።»

«እንዴት? ሌላውን ሁሉ አቋርጠሽ?»

«ኪኒን ሲሰጡሽ ማንም በሞቴ አይልም ሲስተር። ዝም ብሎ መዋጥ ነው።»

አፏን በእጇ ጋረደች። መሳቋን ነው ወይስ መናደዷን፣ ድምፅዋ አንድ ስለሆነ አላወቅሁም። ቀና ብላ ወደ በሩ «ወድቃለች?» አለች።

«አልወደቀም» አሉ ጋሽ ሀሩን። «ሊወድቅ ነበር፤ ነገረን፤ በላ፤ አልወደቀም።»

ሲስተር መሣሪያዋን ጠርጋ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች። «ቃሬዛው ላይ ትቆያለሽ» አለች። «ኪኒኑ ይቀጥላል፣ በየወሩ እለካሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ። እርቦሽ ሳለ በልቻለሁ ያልሽኝ ቀን ግን፣ ደምሽ የበሬ ደም ቢሆን እንኳ ከመኪናው ትወርጃለሽ። ሰው ተሸክመሽ ይሉኝታ አይያዝም።»

እሺ አልኩ። ከዚያ ወጥቼ መኪናው ጀርባ ትንሽ አለቀስኩ፤ ይኼን ለማንም አትንገሩ።

አሁን ምግቤን የማሰናዳው በእንጀራ ጠቅልዬ ነው፤ ጎመኑም ምስሩም እንቁላሉም እዚያው ውስጥ ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ዓይነ አፋርነቴ ግን ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም ሰው ፊት ስጎርስ ጆሮዬ ይግላል፤ ዛሬም አፌ መጀመሪያ የሚለው ሌላ ነው፣ ከዚያ ነው የማርመው። እናቴ ይኼን ብታይ ሆዳም ወለድኩ ትላለች። ስልኩ ሲጮኽ ግን አስቀምጬው አልነሳም፤ ጥቅልሉን እንደያዝኩ፣ ጉንጬን ሞልቼ፣ እያኘክሁ ግቢውን አቋርጬ እሮጣለሁ።

ያየ ይየኝ።